ደፋያ

እህቴ ከኩዌት ስትመለስ የላምባ ማሞቂያ ይዛ መጣች። «ዓረቦቹ ደፋያ ይሉታል» አለችን። አባባ ስሙን አልወደዱትም። «ይደፋል ማለት ነዋ!» ብለው፣ ቤት እንዳያቃጥል ከአንድ ስኒ በላይ ላምባ እንዳይጨመርበት ከለከሉ። ማሞቂያውም በጭስ አፈነን። ጎረቤቱ ሁሉ «ጣሉት» ሲል እልህ ያዘኝ። የከሰለውን ክር በመቀስ አስተካክዬ ቆረጥኩት፤ ያው ጭስ ነው። ለካ ላምባው ስለሚያንሰው ክሩ ራሱ ይቃጠል ኖሯል!

አንድ ዓርብ አባባ ለጁምዓ ሲወጡ መያዣውን ሞላሁት፤ ክሩ እስኪርስ ጠብቄ ለኮስኩት። ጭስ የሚባል የለም፤ ፍም መሰለ። አባባ በከተማችን በአቀስታ ብርድ ተኮራምተው ገቡ። እጃቸውን ዘርግተው ትንሽ ቆዩና ሳቁ።

«አልሃምዱሊላህ! ለካ የሚደፋው ብርዱን ነው!»