የውዳሴ ጫማ ማሰሪያ

ሀኒፋ ለቡ ሰፈር በሚገኝ አንድ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት የሰርቪስ ሞግዚት ናት። ስድ ልጅ አትወድም። ልጆቹ ሲወርዱ የሚቀበላቸውን ሰው ስመው ሰላም ካላሉ ትቆጣለች። ትምህርት ቤቱ በሥልጠና ላይ «ልጅን ያለ ፍላጎቱ ሰው ሳም አትበሉት» ሲላቸው ከት ብላ የሳቀችው እሷ ነበረች። ሰላም የማይል ልጅ ምኑን ልጅ ሆነ?

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከሁሉም መጨረሻ የምትወርደው ትንሿ ውዳሴ አስመርራታለች። መኪናው ሀና ማርያምን አልፎ ቤቷ ወዳለበት ወደ ፉሪ ሲቃረብ ጫማዋ ሁልጊዜ ተፈትቶ ይገኛል። ሀኒፋ እያጉረመረመች ታስርላታለች፤ ሹፌሩ ሃሩን ስለሚዘገይ ይነጫነጫል። ከዚያ ቤታቸው በር ላይ ለሚጠብቃት ዘመዷ፣ ለጋሽ ራጉኤል ታስረክባታለች። ጨዋ ሰው ነው፤ ሳያመሰግናት ቀርቶ አያውቅም። «ሳሚው እንጂ» ትላታለች ልጅቷን።

ዛሬ ግን በመስታወቱ አየቻት። የቤታቸው በር ብቅ ሲል ውዳሴ ጎንበስ ብላ ማሰሪያዋን በገዛ እጇ ፈታችው። አንዱን ጨርሳ ሌላውን ቀጠለች።

መኪናው ቆመ። ጋሽ ራጉኤል ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋ። ሀኒፋ አፏ ላይ የመጣውን «ሳሚው» ዋጠችው።

«ሃሩን፣ በሩን አትክፈት። ወደ ትምህርት ቤት መልሰን፤ ለልጆች ደህንነት ኃላፊዋ የምነግራት አለኝ።»

«ምን ነካሽ? ዘመዷ እኮ ነው።»

«ንዳ አልኩህ።»

ሰውየው እየሳቀ መስኮቱን አንኳኳ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ሳቁ ጠፋ፤ ስልኩን አወጣ።

ውዳሴ ማሰሪያዋን ራሷ አጥብቃ አሰረች። ከዚያ ቀና ብላ ሀኒፋን አየቻት።

«ነገስ?» አለቻት።