የግራ እጅ ሞተር

ካርቱም ላይ፣ ዴም በሚባል ሰፈር በተከራየናት ግቢ፣ ከሰሌንና ከቆርቆሮ በቀለስናት ጥላ ሥር፣ ለታላቅ ወንድሜ ሞተር ሳይክል ሠራሁለት። ለብዙ ዓመት ለሰው ሁሉ ያወራሁት እንዲህ እያልኩ ነው። እውነቱ ግን ከዚህ ይለያል፤ አሁን የምጽፈው እሱን ነው።

ወንድሜ በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጠኛል። ከወሎ ወደ ሱዳን ቀድሞ የወጣው እሱ ነው፤ ኋላ እኔን ያስመጣኝ፣ የመካኒክነት ሙያውንም ያስተማረኝ እሱ። ካርቱም ላይ ባለሙያን «ኡስታ» ይሉታል፤ ወንድሜን በስሙ ከሚጠሩት በዚህ የሚጠሩት ይበዙ ነበር። ሞተር ሲነሳ ራቅ ብሎ ቆሞ ያዳምጥና «ቫልቩ ነው» ይላል። እኛ እንከራከረዋለን። ሲፈታ ቫልቩ ሆኖ ይገኛል።

ከዚያ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ዓመት መግቢያ ላይ፣ ይሠራበት በነበረ አንድ ወርክሾፕ የላሜራ መጭመቂያ ማሽን ቀኝ እጁን ከአንጓው ላይ ቆረጠው። ቁስሉ ሲድን ሰውየው አልዳነም። ቀኑን ሙሉ አንገረብ በሚሉት የገመድ አልጋ ላይ ተጋድሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። «ኡስታ» ብሎ የሚጠራውም ጠፋ፤ ሰዎች አፍረው ይሁን ፈርተው አላውቅም። አንድ ቀን ከግድግዳው ጋር እንደሚያወራ ሰው፣ «ኢንሻላህ ዝናቡ ሳይገባ አገሬ እመለሳለሁ» አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። እጅጌውን አጥፎ እናታችን ደጃፍ ላይ ሊቀመጥና ዘመኑን እዚያ ሊጨርስ ነው። ደሜ ፈላ። እኔ ቱግ ባይ ነኝ፤ ማዘን ሲገባኝ እንኳን የሚቀድመኝ ንዴት ነው።

ሳሃፋ በሚባል ሰፈር መለዋወጫ የሚሸጥ አንድ ሀጂ ነበር። ከከተማው ዳር፣ ሶባ ላይ ሁለተኛ ሱቅ ከፍቶ፣ በሁለቱ መካከል በሞተር እየተመላለሰ ዕቃ የሚያደርስ ሰው ይፈልጋል። የትኛው ዕቃ የየትኛው መኪና እንደሆነ በዓይኑ የሚለይ መሆን አለበት። ሄጄ ወንድሜን አነሳሁበት። ጢሙን እያሻሸ ብዙ አሰበ።

«የዛሬ ሦስት ሳምንት አርብ፣ ከጁምዓ በኋላ እመጣለሁ» አለኝ። «ሞተር ሲነዳ በዓይኔ ካየሁ ሥራው የሱ ነው። ካልሆነ ቅዳሜ ሌላ ሰው አስገባለሁ። ኸላስ፣ አለቀ።»

ስለዚህ በሦስት ሳምንት ውስጥ በአንድ እጅ የሚነዳ ሞተር መሥራት ነበረብኝ። ቀን ቀን ተቀጥሬ እሠራለሁ፤ ከአስር ሰዓት በኋላ ግቢያችን ውስጥ እገባበታለሁ። ቴላዮውን፣ የብረት አጽሙን፣ ከአንድ የወዳደቀ ሞተር፣ ሞተሩን ከሌላ አመጣሁ። ሞተሩ ፍሪሲዮን በእጅ የማይፈልግ፣ ማርሹ በእግር ብቻ የሚቀየር ዓይነት ነው። የፊት ፍሬኑንም ወደ ግራ አዛወርኩት። ወንድሜ ሁለት ቀን ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኛ። በሦስተኛው ቀን ብየዳዬን አንገቱን አዙሮ አየና አላስችል አለው።

«ይሄ ብየዳ ነው የዶሮ ኩስ?»

«ተነስና አሳየኛ!»

ተነሳ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ አላዞረም። አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያዛል፣ ይሳደባል፣ ያስፈታኛል፣ መልሶ ያስገጥመኛል። ለቀኝ ክንዱ ማሳረፊያ ከግማሽ ቱቦ እንደ ኩባያ ያለ ነገር ሠርቼ ውስጡን በአሮጌ ጫማ ቆዳ ለበጥኩት። ልኩን ስወስድ የተቆረጠውን ክንዱን ለመጀመሪያ ጊዜ ነካሁት። እሱ ሰማይ ሰማዩን ያያል፤ እኔ ሜትሩን እያየሁ ቁጥሩ አይታየኝም። በጣም አዘንኩለት።

የተጣላነው በቤንዚን መስጫው ነው። ሞተር ሳይክል ላይ ቤንዚን የሚሰጠው በቀኝ በኩል ያለው እጀታ ነው፤ ወደ ራስህ ስትጠመዝዘው ይሰጣል፣ ስትመልሰው ይዘጋል። እኔ እሱን ነቅዬ በግራ በኩል ሰካሁት። ሲዛወር ግን አቅጣጫው ተገለበጠ፤ አሁን ቤንዚን የሚሰጠው ወደ ፊት ሲጠመዘዝ ሆነ።

ወንድሜ አንዴ ጠመዘዘውና እጁን አነሳ። «ይሄ መስተካከል አለበት።»

«ትለምደዋለህ።»

«የመልመድ ጉዳይ አይደለም። ሰው ፍሬን ሲይዝ ሰውነቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ አንጓውም አብሮ ይታጠፋል። ያኔ ላቁም ስትል ቤንዚን ትሰጣለህ። ገመዱ ከላይ መምጣቱ ቀርቶ ከታች እንዲገባ አድርገህ አዲስ ቦይ ሞርድለት።»

ያ ማለት እጀታውንም መያዣውንም ፈትቶ፣ በቀጭን ሞረድ ቀስ እያሉ መብላት ነው። ለእኔ ቢያንስ የሁለት ማታ ሥራ ነው። ደክሞኛል፣ ቀኑ እያለቀ ነው፣ ያም ሰው ከበርጩማው ሳይነሳ ሳምንቱን ሙሉ ሲያዘኝ ከርሟል። እንዲህ እያልኩ ራሴን ነፃ ላወጣ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ያወጣሁት ቃል ግን ይሄው ነው፤

«እጅ ያለኝ እኔ ነኝ! የምሠራውም እኔ ነኝ!»

 ፒንሳው እጄ ላይ ነበር፤ የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ። ወንድሜ ተነስቶ አንገረቡ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ወደ ግድግዳው ቢዞር ይሻለኝ ነበር። አልዞረም፤ ያየኝ ነበር።

ረቡዕ፣ አርብ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሞተሩን ልሞክረው ይዤው ወጣሁ። ቀስ ብዬ ስነዳው ጥሩ ነው። አየህ፣ አልኩ በልቤ፤ አስፋልቱ ላይ ፍጥነት ጨመርኩ። ከአንድ ቅያስ በአህያ የሚጎተት የውሃ ጋሪ ድንገት ፊቴ ወጣ። ፍሬኑን ጨምድጄ ያዝኩ። ሰውነቴ ወደ ፊት ተወረወረ፣ አንጓዬ ታጠፈ፣ ሞተሩ አጓራ። ይቆማል ስል ዘለለ። ጋሪው ላይ ከምወጣ ብዬ መሪውን ወደ አሸዋው ጣልኩት፤ አብረን ወደቅን። ባለጋሪው እየተሳደበ አለፈ። ክርኔ ተልጦ፣ አሸዋ በአፌ፣ እዚያው እንደተጋደምኩ ገባኝ። ወንድሜ ያለው ቃል በቃል ደረሰብኝ።

ግቢ ስገባ ክርኔን አየ፤ የግራው እጀታ ጫፍ መፋቁንም አየ።

«ምን ሆንክ?»

«ፍየል ገባብኝ።»

«ፍየል» አለ። 

ሐሙስ ሥራ ቦታ እጄ ይሠራል፣ ሐሳቤ ግን ግቢ ውስጥ ነው። ማታ እነግረዋለሁ እላለሁ። ከነገርኩት የሁለት ማታ ሥራ አለ፣ ሀጂው ደግሞ ነገ ነው። ሥራው ያመልጠዋል፤ ካመለጠው ወደ ግድግዳው ይመለሳል፣ ከዚያ ወደ እናታችን ደጃፍ። ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው፣ ምንም አይሆንም እላለሁ ደግሞ። እንደዚህ ስል ዋልኩ። ከሁሉ በታች ያለውን ግን ለራሴም አላልኩትም፤ «ልክ ነበርክ» ማለት ሞት መስሎኝ ነበር።

ስመለስ ሞተሩ በሸራ ተሸፍኗል። ወንድሜ ሻይ ይጠጣል። ጣቶቹ በግራሶ ጠቁረዋል፤ የታች ከንፈሩ ትንሽ ተሰንጥቋል።

«ስወለውለው ዋልኩ» አለኝ።

«ከንፈርህስ?»

«ሻይ አቃጠለኝ።»

 ራቴን በልቼ ተኛሁ።

አርብ ጠዋት የተተኮሰ ሸሚዝ ለበሰ። ከአደጋው ወዲህ ባዶ እጅጌውን ኪሱ ውስጥ ይከት ነበር፤ ያን ቀን አልከተተውም። ቁርስ ላይ ሳያየኝ ጠየቀኝ።

«ያ ፍየል ግን ጥቁር ነው ነጭ?»

«ቡላ።»

«ትልቅ ነው?»

«መካከለኛ።»

«እሺ። ሌላ የምትለኝ ነገር አለ?»

«የለም፣ ጋሼ።»

ጫማውን ሲያስር ይህንኑ ደግሞ ጠየቀኝ። መስጊድ በር ላይ ሦስተኛ ጊዜ ጠየቀኝ። ሦስት ጊዜ «የለም» አልኩት። ጎን ለጎን ቆመን ሰገድን፤ ኢማሙ ምን እንደተናገሩ አንዲት ቃል አልሰማሁም። ዱዓ ሳደርግ አላህን የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወንድሜ ፍሬን እንዳይዝ። ይህን ስጽፍ ያሳፍረኛል።

ሀጂው ነጭ ጀላቢያውን ለብሶ፣ በካርቶን የታሰረ መለዋወጫ አስጭኖ መጣ። ካርቶኑን ከኋላ አሰርነው። ሞተሩን ላወጣ እጄን ስሰድ ወንድሜ «አትንካው» አለኝ። በደረቱና በግራ እጁ እየገፋ ራሱ አወጣው። ሀጂው የመንገዳችን አፍ ላይ፣ መሐል ለመሐል ቆመ።

«እስከ አስፋልቱ ጫፍ ሄደህ ተመለስ። በደንብ ንዳው፣ ዕቃዬ እንዲያረፍድ አልፈልግም። ከዚያ እዚህ፣ እኔ ፊት ታቆማለህ።»

ወንድሜ ቀኝ ክንዱን ኩባያው ውስጥ አስገባ። አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አየኝ። አሁን ንገረው አልኩ በልቤ። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው «አላህ ይጠብቅህ» ነው። ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

«ያ ሀጂ» አልኩት በአገሩ አጠራር፣ «ትንሽ ወደ ግድግዳው ጠጋ ቢሉ።»

«ለምን? የማላምነው ከሆነ ለምን እቀጥረዋለሁ፣ ያ ዘውል፣ አንተ ሰው?»

የሞተሩ ድምፅ ራቀና ጠፋ። ከዚያ ተመልሶ መጣ። ኩርባውን ሲዞር አየሁት፤ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፣ ሸሚዙ በነፋስ ተነፍቷል። እየፈጠነ ነው። ሀጂው አልተነቃነቀም። ሠላሳ እርምጃ ቀረ፣ ሃያ ቀረ። የወንድሜ ጣቶች ወደ ፍሬኑ ሲዘረጉ አየሁ።

«ፍሬን አትያዝ!» ብዬ ጮህኩ። «ጋሼ! ፍሬን አትያዝ!»

ሮጬ በሀጂውና በጎማው መካከል ገባሁ። ለምን እንደሮጥኩ አላውቅም፤ እኔን ገጭቶ እንዲቆም ይሆናል። ዓይኔን ጨፈንኩ።

የሰማሁት ጎማው አሸዋውን ሲፈጨው ብቻ ነው። ዓይኔን ስከፍት የፊት ጎማው ከጉልበቴ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሟል። ሞተሩ ድክ ድክ ይላል። ወንድሜ ግራ እጁን እጀታው ላይ እንዳሳረፈ ያየኛል።

ሀጂው አማርኛ አይሰማም። «ምንድን ነው የጮኸው?» ብሎ ጠየቀ።

«ማሻአላህ እያለ ነው» አለው ወንድሜ በዓረብኛ።

ሀጂው ሳቀ። ካርቶኑን አስፈታ፣ የኩባያውን ቆዳ በጣቱ ነካ ነካ አደረገ፣ ራሱን ነቀነቀ። ሊሄድ ሲል፣ «ቅዳሜ ጠዋት ሳሃፋ እጠብቅሃለሁ፣ ያ ኡስታ» አለ። ከአደጋው በኋላ ወንድሜን በዚህ ሲጠሩት ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሁለታችን ብቻ ስንቀር ጎንበስ ብዬ እጀታውን ያዝኩ። ወደ ራሴ ጠመዘዝኩት፤ ሞተሩ ድምፁን ከፍ አደረገ። ወደ ፊት መለስኩት፤ ዝግ አለ። መያዣው ከታች አዲስ ቦይ ተሞርዶለታል። ሞረዱ እዚህም እዚያም ስቷል፣ ግን ገመዱ ልኩን ገብቷል። የገመዱ ሽፋን ላስቲክ ላይ የጥርስ ምልክት አለ።

«ሐሙስ ነው የሠራሁት» አለ። «ሞርሳው ብረቱን ጨምድዶ ያዘልኝ፣ እኔ ሞረድኩ። ገመዱን ግን የሚይዝልኝ ሲጠፋ በጥርሴ ያዝኩት፤ አምልጦ ከንፈሬን መታኝ።»

«ጋሼ...»

«ክርንህንና የእጀታውን ጫፍ እንዳየሁ ነው የገባኝ። እስክትነግረኝ ድረስ ስጠብቅህ ነበር።» ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢቆጣኝ በወደድኩ። «ባልሠራው ኖሮ ዝም ብለህ ትልከኝ ነበር?»

 ልኬዋለሁ እኮ። እንደተሠራ ሳላውቅ፣ በገዛ ዓይኔ እያየሁ ልኬዋለሁ። መሬት መሬቱን አየሁ። 

«ተፈናጠጥ» አለኝ። «የሶባን መንገድ ልለማመደው።»

ከኋላው ተፈናጠጥኩ። ከዴም ወጥተን ሃፍላዎቹ፣ የከተማው አውቶቡሶች፣ መካከል ገባን። ወንድሜ የሚነዳው ድሮ ሁለት እጅ እያለው እንደሚነዳው ነው፤ ጉድጓድ ሲያይ ፍሬን ይይዛል፣ ያልፋል፣ ይፈጥናል። ፍሬን በያዘ ቁጥር ሳላስበው ወገቡን ጨምድጄ እይዘዋለሁ። እንባዬ ይወርዳል፤ ፊቴን ጀርባው ላይ ደበቅሁ። ሸሚዙ ሲረጥብ ሳይሰማው አልቀረም።

ሶባ ልንደርስ ስንል አንድ ጉድጓድ ላይ እንደገና ፍሬን ያዘ፤ እኔም እንደገና ጨመደድኩት። አንገቱን ሳያዞር፣ በነፋሱ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«አትፍራ» አለኝ፤ «እዚህ መንገድ ላይ ፍየል የለም።»