ከራሷ ሰማሁ

ልጅ እያለሁ፣ ቡታጅራ፣ አንድ መነኩሴ ወዳጅ ነበረኝ። ከሞተ ከሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ያስተዋወቁን የታሪክ መምህራችን ጋሽ ደሳለኝ ናቸው፤ እምድብር ሚሲዮን የተማሩ፣ ኮታቸው ሁልጊዜ ጠመኔ ጠመኔ የሚሸት ሰው። መነኩሴው ገና ሕፃን ሳለ አንድ ቅዱስ አባት ወላጆቹ ቤት በእንግድነት መጥተው ባርከውት ነበር አሉን። አድጎ የእኚያኑ አባት ገድል ጻፈ። በምድረ በዳ ከገዳም ገዳም እየዞረ ሽማግሌዎቹን ይጠይቃል፤ ያላየውን ነገር «ይህን ከአባ እገሌ ሰማሁ» ብሎ ምስክሩን ይጠራል እንጂ ከራሱ አይጨምርም። እኛም «አባ ሰማሁ» ብለን ስም አወጣንለት።

ጋሽ ደሳለኝ ለወላጆች በዓል የአንድ የሰፈራችን ሰው ገድል እንድንጽፍ አዘዙን። የተመረጠው በወላጆች ፊት ይነበባል። እኔ ማንን እንደምጽፍ ማሰብም አላስፈለገኝ፤ ያሳደገችኝን አክስቴን፣ እቴቴ ብርነሽን ነዋ! ከገበያው ጀርባ ያሉት ቤቶች በተቃጠሉ ጊዜ፣ ለመስቀል እንግዶቿ ቀብራ ያቆየችውን ቆጮ አውጥታ ቤት አልባውን ሁሉ አበላች ሲባል እሰማ ነበር። ልጠይቃት ብቀርብ ግን ዓይኗ ቀላ።

«ገድል የሚጻፈው ለሞተ ሰው ነው! ምን በደልኩሽና ነው ከነሕይወቴ የምትቀብሪኝ?»

እሷ እምቢ ስትል እንደ አባ ሰማሁ ጎረቤት ለጎረቤት ዞርኩ። ቤታቸው ከተቃጠለባቸው አንዱ፣ ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ከድር፣ «ወላሂ፣ ጉድጓዱን ስትከፍተው ኮምጣጣው ሽታ ሰፈሩን ሞላው። ከዚያ የበለጠ ሽቶ አላውቅም» አሉኝ። እንዳሉት ጻፍኩ።

የእኔ ተመረጠ። ለእቴቴ ትንፍሽ አላልኩም። በበዓሉ ቀን ንባቤ መሀል ቀና ስል ግን ከኋላው በር ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች። ማን እንደነገራት እንጃ። እቴቴ መቆጣት ከጀመረች ሰው አለ የለም አትልም፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ልታስቆመኝ ነው ብዬ ንባቤን አፈጠንኩ። እንደምንም «አንድ ጉድጓድ ሙሉ ቆጮ አከፋፈለች፤ ይህን ከሐጂ ከድር ሰማሁ» ብዬ ጨረስኩ።

«አንቺ ልጅ!» አለች ከበሩ። «ሁለት ጉድጓድ ነው! ሐጂ ሁለተኛው ሲከፈት አልነበሩም። ከራሷ ሰማሁ በይና ጨምሪ።»

አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። እዚያው ቆሜ ጨመርኩ። እቴቴም አንገቷን ቀና አድርጋ ከወላጆቹ መሀል ገብታ ተቀመጠች። የእሷ ልጅ በመሆኔ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ዛሬ ቡታጅራ ፎቅ በፎቅ ሆናለች። የሰው ወሬም ማን እንዳየው ሳይታወቅ በስልክ ይሮጣል። እኔም መምህር ሆኜ ተማሪዎቼን «ከማን ሰማችሁ?» እያልኩ አሰለቻቸዋለሁ። እቴቴ አምና አረፈች። ለቅሶዋ ላይ ያንኑ ገድል አነበብኩ፤ አሁን እንኳ ጊዜው ነው። «ሁለት ጉድጓድ» የሚለው ጋ ስደርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ ወደ ኋላ ተመለከትኩ።

ማንም አላረመኝም። ከራሷ ነበር የሰማሁት።