አንጎላ ይለፍ አጣች

«አንጎላ ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች አሉ።»

ከተማሪዎች ምግብ ቤት ደጃፍ ሳልፍ የሰማሁት ነው። አመንሁ። ጠዋት በሬዲዮ ስለዚያ አገር ጦርነት ሲወራ ሰምቼ ነበርና፣ ብታለቅስ ምን ይገርማል ብዬ አለፍሁ...

አንጎላ ማለት ተማሪዬ ውብዓለም መሆኗ ትዝ ያለኝ ትንሽ ከሄድሁ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር፣ ኮሌጅ አስተምር ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ከመደበኛው ትምህርት ውጭ የሆነ፣ ለተማሪው ማርክ ለእኔም አበል የሌለው ክበብ ተሰጠኝ። የዓለም ሕዝብ ሁሉ ወገናቸው መሆኑን ለተማሪዎቹ እንዳስረዳ ነው። ንግግር ሲሰለቸኝ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ አገር አደልኋቸውና በዚያ አገር ስም ይሰበሰቡ፣ ይከራከሩ ጀመር። ስሙም ምግብ ቤት ድረስ ተከትሏቸው ገባ። «ኩባ ዛሬም ወጥ አስጨመረች» ሲባል ማንም ቀና ብሎ አያይም።

ኢትዮጵያን የሚወስድ ጠፋ። እሷን እኔ ያዝሁ።

ውብዓለም ከሐይቁ ማዶ የጎርጎራ ልጅ ናት።

«እናቴ ሕመም ጠንቶባታል፣ ጋሼ» አለችኝ ስጠይቃት። «የእሑዱ ጀልባ ካመለጠኝ ሌላ ሳምንት መጠበቄ ነው። ያለ ቀበሌ ይለፍ ደግሞ አያሳፍሩኝም።»

ዓርብ ዕለት ይዣት ቀበሌ ሄድሁ። ሊቀ መንበሩ ካኪውን እንደለበሰ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ተደግፏል። ከእኔ የባሰ የደከመው ይመስላል።

«ምኗ ነህ፣ ጓድ?»

«መምህሯ።»

«ምን ታስተምራታለህ?»

«የዓለም ዜግነት።»

ትንሽ አሰበበት። «እሱ የት ያደርሳል?»

«ለጊዜው ጎርጎራ ቢያደርስ ይበቃን ነበር።»

ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ፊቱን በመዳፉ አሻሸ።

«የሚፈርመው ጓድ ስብሰባ ሄዷል። ማኅተሙንም ቆልፎበት ነው የሄደው። ምን ላድርግሽ፣ እኅቴ? የእኔ እናት ዱርቤቴ ናት፣ እዚህ አፍንጫችን ሥር። ፋሲካን እንኳ ሳላያት ዋልሁ። ለራሴ ልፈርም እንዴ?»

«ይፈርሙ ነበር እንጂ» አለችው ውብዓለም። «እናት'ኮ ናት።»

ሳቀ... ከዚያ መሳቁን ተወ። ወጣን።

ቅዳሜ ከሰዓት የክበቡ ጉባኤ እንደ ወትሮው ተሰበሰበ። ስለ ሌላ ጉዳይ ልንነጋገር ነበር፤ ውብዓለም ግን ገና ሳልጀምር እጇን አወጣች።

«ጓድ ሰብሳቢ፣ አንጎላ ሐሳብ አላት። እናቱ የታመመችበት ሰው፣ የየትም አገር ዜጋ ቢሆን፣ መንገድ አይከልከል።»

ኩባ ደገፈች። ቬትናም ተከተለች። ሶቪየት ኅብረት ዞር ብሎ በሩ መዘጋቱን አየና እጁን ከጠረጴዛው ብዙም ሳያርቅ አወጣ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ተመለከቱ።

ኢትዮጵያም እጇን አወጣች።

ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። አጨበጨብን፤ ውጭ እንዳይሰማ ቀስ ብለን።

ጀልባው እሑድ ጠዋት ሄደ። ይለፉ የተፈረመው ማክሰኞ ነው።