ከጆሮዋ ሥር ያለው ነጭ ጠባሳ

የባለቤቴን ፊት ከማየቴ በፊት ያየሁት አንገቷን ነው። ሰበታ ገበያ ቅቤዋን ዘርግታ፣ ዞር ብላ ከጓደኛዋ ጋር ታወራለች። ንቅሳቱ በአንገቷ ዙሪያ እንደ ድሪ ተደርድሯል። ያኔ ድሪ መግዛት ያልቻለ ወላጅ ልጁን የሚያስጌጣት በንቅሳት ነበር። እናቷ ይዘዋት አንዲት አሮጊት በእሾህና በጥላሸት እንደወጓት ስትነግረኝ ሁልጊዜ ትስቃለች።

አሁን የምንኖረው ቡራዩ ነው። ትንሿ ልጃችን ልታገባ ስትል የእናቷ አንገት እንቅልፍ ነሳት። የሙሽራው ወገን የአዲስ አበባ ሰው ነው፤ ፎቶ አለ፣ ቪዲዮ አለ።

«እማዬ፣ በሌዘር ይጠፋልሻል። ብርሃን እኮ ነው፣ ምላጭ አይደለም።»

«አንገቴ ምን አደረገሽ?»

«እኔንማ ምንም። ሰው ያየዋል ብዬ ነው።»

ልጅቷ እንዳይከፋት ብላ እሺ አለች። እኔም ተከትያቸው ሄድኩ።

ሌዘር ቤቱ ከአንድ ጎማ ጠጋኝ በላይ ነው። ግድግዳው ላይ እንደ ወተት የነጣች ፈረንጅ ተለጥፋለች። ነጭ ጋዋን የለበሰችውን ልጅ «ሐኪም ነሽ ወይ?» አልኳት።

«ኮርስ ወስጃለሁ ፋዘር።»

ኮርስማ ባጃጅ ነጂም ይወስዳል።

«አይዞዎት እናቴ፣ ቆዳውን አይነካም፤ ቀለሙን ብቻ ነው የሚበላው» አለቻት። የባለቤቴ ቆዳ ራሱ ቀለም መሆኑን ያ የሌዘር ዕቃ ከየት ይወቀው? ለሙከራ ብላ ከጆሮዋ ሥር ተኮሰቻት። ቤቱ የተለበለበ ዶሮ ሸተተ። ከመጋረጃው ወዲያ ሌላ ሴት ታቃስታለች።

«ያችስ ምኗን እያስጠፋች ነው?» አልኩ።

«አይ፣ እሷ ቅንድብ እየተነቀሰች ነው።»

ባለቤቴ ከወንበሩ ተነሳች። የልጃችንን ቅንድብ ትኩር ብላ አየችው፤ እሱም የተሠራው እዚያው ቤት ነው።

«ወዲያ ይነቅሳሉ፣ ወዲህ ይፍቃሉ። ጥሩ ገበያ ይዘዋል» ብላ ነጠላዋን አንስታ ወጣች።

የተተኮሰው ቦታ ውሃ ቋጠረ፣ ሲድን ነጭ ሆኖ ቀረ። ብርሃን የሚሉት ይኼ ከሆነ ኩራዝ ይሻላል።

በሠርጉ ቀን ልጃችን የእናቷን አንገት በሻርፕ ጠመጠመችው። የሙሽራው እናትም ተጠምጥመው መጡ። ሙቀቱ ሲበረታ ባለቤቴ ሻርፗን ፈታችው። ሴትዮዋ ጠባሳዋን አይተው «ውይ፣ ይኼን ምን በላው?» አሉ።

«ንቅሳት የሚያጠፉ ሰዎች።»

ሴትዮዋ የራሳቸውን ሻርፕ ፈቱት። አንገታቸው ከዳር እስከ ዳር ንቅሳት ነው።

«እኔንም ልጄ ነው የሸፈነኝ» አሉ። «ምራትሽ እንዳትስቅብሽ ብሎ።»

ፎቶው ላይ ሁለቱም አንገታቸውን ገልጠው ተቀምጠዋል። ልጃችን በስልኳ ጠባሳውን ልታጠፋው ስትል እናቷ እጇን ያዘቻት።

«ተይው። ንቅሳቱ የእናቴ ነው፤ ያ ያንቺ ነው።»