መርዶ ያስቀመጥንበት ኮምፒውተር

አሁን በምሠራበት የትራንዚት ቢሮ ጠዋት ኮምፒውተሬን ስከፍት ፕሮግራሙ እሺ ብሎ ወዲያው አይነሳም። አስቀድሞ ባሕር ማዶ ያለውን የሻጩን ሰርቨር «ፈቃዳችን አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ እስኪመጣ ስክሪኑ መሐል አንዲት ትንሽ ክብ ትሽከረከራለች። ኔትወርኩ የሰነፈ ቀን ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ ባልደረቦቼ በሦስት ቋንቋ ተሳድበው ሻይ ሊጠጡ ይወጣሉ። እኔ እጄን አጣጥፌ አያታለሁ። ያቺን ክብ ባየሁ ቁጥር እዚህ ጅቡቲ፣ ካርቲዬ ዱ የሚባለው ሰፈር የነበረችው የጋሼ ሱቅ ትዝ ትለኛለች። የዚያችን ሱቅ ያህል ምንም ነገር ናፍቆኝ አያውቅም ብል ሰው ይታዘበኛል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

ጋሼ ዘመዴ አልነበሩም። ድሬዳዋ ተወልደው፣ በድሮው ባቡር ሲሠሩ ኖረው፣ ባቡሩ ሲቆም ጅቡቲ የቀሩ ሽማግሌ ነበሩ። ሱቃቸው አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተርና ሲዞር የሚያቃስት ቬንትሌተር የያዘች ጠባብ ክፍል ናት። ለአገር ልጅ በአማርኛ ደብዳቤና ማመልከቻ ይጽፋሉ። እኔ ያኔ ሄሮን በሚባለው የሀብታም ሰፈር ፈረንሳዮች ቤት እዚያው እያደርኩ የምሠራ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ዕረፍቴ ዓርብ ብቻ ነው። ዓርብ ጠዋት መሐል ከተማ ሜኔሊክ አደባባይ ከሚኒባስ እወርድና ትኩስ ባጌት ዳቦ ገዝቼ በእግሬ ወደ ካርቲዬ ዱ እሄዳለሁ። ባጌቱን ከጋሼ ጋር እየቆረስን ታይፕ ያስተምሩኛል። እሳቸው ራሳቸው የሚጽፉት በሁለት ጣት ነበር፤ እኔን ግን በአሥሩም ካልጻፍሽ ብለው ያስጨንቁኛል።

ግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት በመስተዋት ተደርጎ ተሰቅሏል። የመጀመሪያ ቀን «የማን ዲፕሎማ ነው?» ብዬ አስቄአቸዋለሁ። የአማርኛ መጻፊያው ፕሮግራም የግዢ ፈቃድ ነበር። አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ከሠሪው ድርጅት የገዙት ነው። ሌሎች ሁለት የከተማው ጸሐፊዎችም ይህንኑ ፕሮግራም ገዝተው ነበር። ፈቃዱ በየዓመቱ በኢንተርኔት ከሻጩ ሰርቨር ጋር ተነጋግሮ መታደስ አለበት። በኋላ ድርጅቱ ተዘጋ፣ ሰርቨሩም አብሮ ጠፋ። የሁለቱ ጸሐፊዎች ፕሮግራም ዓመቱን ጠብቆ ተቆለፈ። የጋሼ ግን ምንም ሳይሆን ቀጠለ።

«እነሱ ዋጋ ተከራክረው ነው የገዙት» ይሉኝ ነበር ጋሼ። «እኔ የተጠየቅኩትን ከፍዬ፣ ልጆቹን መርቄ ወጣሁ። ምርቃት ነው የያዘው።»

እስቅ ነበር። በሆዴ ግን ግማሹን አምናቸው ነበር።

ኮምፒውተራቸው አንድ ሌላ አመል ነበረው፤ የሚኖረው በእኛ ዘመን ነው። ደብዳቤዎቹ አገር ቤት ለሚኖር ሰው የሚላኩ ስለሆኑ፣ ገና ከመጀመሪያው ዓመቱንም ወሩንም ሰዓቱንም በሐበሻ አቆጣጠር ሞልተውታል። ከሁሉ ይልቅ የምታስቸግራቸው ጳጉሜን ነበረች። ለማሽኑ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለሌለው ጳጉሜን ሲገባ አጥፍተው ነጠላ ያለብሱታል፣ እስከ እንቁጣጣሽ ሱቁ ሥራ የለውም። ጳጉሜን ውስጥ የዋለች ዓርብ ለእኔ ከሁሉም ትበልጥብኝ ነበር። ታይፕ የለ፣ ትምህርት የለ፤ በረዶ የገባበት ውሃ እየጠጣን የባቡር ወሬ እሰማለሁ። የትኛው ጣቢያ ላይ ምን ይሸጥ እንደነበር ሲያወሩ፣ ያላየሁት ጣቢያ ሁሉ ይሸተኝ ነበር።

የሱቁ ትልቁ ሥራ ግን ደብዳቤ አልነበረም። ሰው ቤት ተቀጥረን የምንሠራ ሴቶች አንድ ፍርሃት ነበረን፤ እዚህ ብንሞት መርዶው እንዴት ይደርሳል የሚል። አሠሪ ስልክ አንስቶ በፈረንሳይኛም በእንግሊዝኛም ለእናት «ልጅሽ ሞታለች» ቢልስ? እናት በስልክ መርዶ ትሰማለች? ስለዚህ እያንዳንዳችን ጋሼ ዘንድ ገብተን አንድ ገጽ እናስጽፍ ነበር። መጀመሪያ ማን ይስማ፣ ማን ከማን ጋር ሆኖ ለእናቴ ይንገራት፣ በምን ቀን፣ በምን ቃል። አንዷ ስታስጽፍ ሌሎቻችን ውጭ ደጃፉ ላይ እንቆማለን። ብዙዎቻችን በሥራ ቤት የምንጠራበት ስም የራሳችን አልነበረምና እውነተኛውን ስም የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ታዲያ ሁላችንም አንድ ነገር እናስምላቸው ነበር፤ በወረቀት እንዳይወጣ። በቁም መርዶን በወረቀት ማየት ሟርት ነው። «ማሽኑ ውስጥ ይተኛ» እንላለን። ማሽን ውስጥ ያለ ሟርት አይሆንም ያለን ማን እንደሆነ እንጃ።

ጉዱን የሠራሁት እኔ ነኝ።

አሠሪዬ ማዳም ፈቅዳልኝ ከሰዓት በኋላ እየተማርኩ የኮምፒውተር ሰርተፊኬት አግኝቼ ነበር። ሰርተፊኬት ያለው ሰው ደግሞ እጁ አያርፍም። አንድ ዓርብ በሰባት ሰዓት፣ የዕለቱ ጫት ገብቶ፣ ሰው ለመቃም ተቀምጦ ከተማው ጭር ሲል፣ ጋሼ ከመጋረጃው ጀርባ ጋደም አሉ። እኔ ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብዬ ቀኑን አየሁት፤ ከዓለም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል። ጳጉሜን ከእንግዲህ አታስቸግራቸው፣ ሲነቁ ላስደስታቸው ብዬ ዓመቱንም ወሩንም ሰዓቱንም በፈረንጅ አስተካከልኩት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይኼ ነው። ከዚያ ፕሮግራሙን ከፈትኩ። ያቺ ክብ መጣች። ተሽከረከረች፣ ተሽከረከረች። ከዚያ «ፈቃድዎ ጊዜው አልፏል፤ ሰርቨሩ ሊገኝ አልቻለም» አለና ተዘጋ።

ክው አልኩ። ቀኑን ወደ ነበረበት ብመልሰው «የኮምፒውተሩ ቀን ተነካክቷል» ብሎ ጭራሽ ቆለፈው።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ፕሮግራሙን የያዘው ምርቃት አልነበረም። ፈቃዱ የተቆጠረው በፈረንጅ፣ ማሽኑ የሚኖረው በሐበሻ ነው። ለዚያ ማሽን የፈቃዱ ማብቂያ ገና ዓመታት ይቀሩት ነበር፤ ስለዚህ ሻጩን የሚጠይቅበት ምክንያት አልነበረውም። እኔ ቀኑን ሳቀናለት ባለቤት የሌለው መሆኑን አወቀ።

ጋሼ ነቅተው ስነግራቸው አልተቆጡም። ቢቆጡኝ በተሻለኝ። ስክሪኑን አይተው «ደግ አስበሽ ነው» አሉኝ። ቀጥለው፣ ቀስ ብለው፣ «የልጆቹ ገጽ ግን…» አሉና አልጨረሱትም። ሌላ ነጻ መጻፊያ አስገባሁላቸው፤ የድሮዎቹን ገጾች መክፈት ግን አልቻለም። ገጾቹ ፋይላቸው አለ፣ ስንከፍተው የሚታየው ጥያቄ ምልክትና ባዶ ሣጥን ብቻ ነው። ስንት ዓርብ ታገልኩ፤ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነ።

የፈሩት ይደርሳል። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ከእኛ ግቢ አጠገብ ትሠራ የነበረች ልጅ አረፈች። ጣራ ላይ ልብስ ስናሰጣ ከወዲያና ወዲህ እየተጯጯህን የምንስቅ ጓደኛዬ ነበረች። አራት ቀን ትኩሳት ይዟት፣ በአምስተኛው ሆስፒታል ውስጥ ሄደች። አሠሪዎቿ የሚያውቁት ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ስም ነው፣ እሱም የሷ አልነበረም። ስልኳን እኔ ያዝኩት። ስልኩ ላይ ካሉት ቁጥሮች የአገር ቤቱ አንድ ብቻ ነበር፤ «እማ» ይላል።

በቀብሯ ማግስት እማ ደወለች። ስልኩ እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። አላነሳሁትም። ማታም ደወለች፣ በማግስቱ ጠዋትም። ምን እላታለሁ? ማን መንገር እንዳለበት ልጅቷ ተናግራ ነበር፤ ቃሏን የቆለፍኩት እኔ ነኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

ስልኩን ይዤ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ሲደወል እሳቸውም አዩት። ተነሥተው በሩን ገርበብ አደረጉና ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። ማሽኑን እንኳ አላበሩትም።

«ደብተር አውጪ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ በወረቀት አይሁን ብላ ነበር እኮ።»

«ሟርቱ በእኔ ይሁን። ጻፊ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑና ሁለቱን ጣቶቻቸውን የጠፋው ኮምፒውተር ቁልፎች ላይ አደረጉ። አንድ በአንድ እየመቱ፣ የመቱትን ድምፅ አውጥተው ይሉልኝ ጀመር። ሲሳሳቱ ጣታቸው ማጥፊያውን ይመታል፤ እኔም እሰርዛለሁ። «ለእናቴ በስልክ አይነገር። ወፍጮ ቤት ለሚሠራው ለክርስትና አባቴ ይነገር። ቅዳሜ አይሁን፣ ገበያ ናት። ቀድሞ ቁርስ ትብላ፣ ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን አትበላምና። አልተሠቃየችም በሏት፣ ብሠቃይም።» እዚህ ላይ ጣታቸው ቆመ። እንባዬ ደብተሩ ላይ ሲንጠባጠብ «ተይ፣ ቀለሙን ታበላሺዋለሽ» አሉኝ፤ የሳቸውም ድምፅ ደህና አልነበረም።

የዚያኑ ዕለት ገጹን ይዘን መኪናዎቹ ወደሚቆሙበት ፒኬ ዶዝ ሄድን። የሟቿ አገር ልጅ የሆነ የከባድ መኪና ሾፌር አገኘን። ወረቀቱን አንብቦ ሲጨርስ ኮፍያውን አወለቀ፣ ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። ሾፌሩ ከሄደ በኋላ ስልኩ ሦስት ቀን ደወለ። በአራተኛው ቀን ዝም አለ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ አይረሳኝም፤ እፎይታም ነበር፣ ሐዘንም።

ከዚያ በኋላ ዓርባችን ሁሉ ለዚህ ሆነ። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው የጠፋውን ኮምፒውተር ይመታሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። የእያንዳንዷን ቃል ጣታቸው ያውቀዋል። የእኔ ገጽ የደረሰ ዕለት ምን ብዬ እንዳስጻፍኩ እኔ ረስቼው ነበር። «ለታናሽ ወንድሜ ደግሞ ብስክሌቱን አልረሳሁትም በሉት» ሲሉ በሳቅና በለቅሶ መሐል ቀረሁ። ብስክሌቱን በሚቀጥለው ወር ላክሁለት። በሕይወቴ የምመልሳቸውን ዓርቦች ምረጪ ብባል እነዚያን እመርጣለሁ፤ ቬንትሌተሩ እያቃሰተ፣ የባጌቱ ፍርፋሪ ደብተሩ ላይ፣ እሳቸው ዓይናቸው ተጨፍኖ።

ሁሉም ገጽ አለቀ፣ አንድ ብቻ ቀረ። እሳቸውም የራሳቸውን በዚያው ፕሮግራም ጽፈው እንደነበር ነግረውኛል።

«የእርስዎስ ጋሼ?»

«ባለቤት መጨረሻ ነው የሚበላ። ሌላ ዓርብ።»

ሌላ ዓርብ ስጠይቃቸው ደግሞ ስለ ባቡሩ ጀመሩልኝ። ሌላም ዓርብ አለፈ። የሰውን ሁሉ ሟርት በእኔ ይሁን ያሉ ሰው የራሳቸውን ፈሩት መሰለኝ። እኔም ጨከን ብዬ አልወተወትኳቸውም፤ ደስ አይልማ።

የሞቱት በከምሲን ወር ነው፣ ያ እሳት የመሰለ ነፋስ በሚነፍስበት። እኔ ከሄሮን ወጥቼ ቢሮ ከገባሁ ቆይቶ ነበር። ከቀብር መልስ ደብተሩን ገለጥኩ። የመጨረሻው ገጽ ላይ በራሴ እጅ «ጋሼ» ብዬ ጽፌ ከሥሩ ባዶ ነው። ኮምፒውተሩን ሜኔሊክ አደባባይ አካባቢ ላለ ባለሙያ ወሰድኩት፤ ያው ጥያቄ ምልክት፣ ያው ባዶ ሣጥን። ገጹ አጭር አልነበረም። ጥያቄ ምልክቶቹን ቆጥሬ ሁለት ወረቀት እንደሚሞላ አውቃለሁ። ፒኬ ዶዝ ላይ ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ሾፌር ባገኘሁ ቁጥር የድሮ የባቡር ሠራተኞችን ሰፈር እንዲጠይቅልኝ እለምናለሁ። እስካሁን የሚያውቃቸው አልተገኘም።

ኮምፒውተሩ አሁን ቤቴ ነው። ጳጉሜን ሲገባ ነጠላ አለብሰዋለሁ። የሌሎቹን መርዶ ሁሉ ለማን እንደምነግር ደብተሬ ይነግረኛል። የሳቸው መርዶ ነጋሪ እኔ ነበርኩ፤ ለማን እንደምነግር ግን አላውቅም። ድሬዳዋ ውስጥ እህት ትሁን ልጅ የማላውቃት አንዲት ሰው፣ ምናልባት ዛሬም ስልክ ይደወልልኛል ብላ ትጠብቃለች።