ሁለተኛ ዲግሪ የሚማር ነርስ በደባርቅ መንገድ

ረቡዕ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ጎንደር

የደባርቅ መኪና የሚነሣው ገና የሰው ፊት ሳይለይ ነው። እኔ መናኸሪያ የደረስኩት ከሁሉም ቀድሜ ነበር፤ ጋቢና መቀመጥ ፈልጌያለሁ። ለክብር እንዳይመስላችሁ። ኋላ ከተቀመጥኩ ያስመልሰኛል።

አለባበሴን ባታዩት ይሻላል። አዲስ ነጭ ጫማ፣ ባለጎማ ሻንጣ፣ አንገቴ ላይ የልብ ማዳመጫ።

«ማዳመጫውን ለምን ሻንጣ ውስጥ አልከተትኸውም?» አሉኝ ሲስተር ውዴ።

«እንዳይሰበር ብዬ ነው።»

ማዳመጫ ምኑም እንደማይሰበር ሲስተር እኔ ሳልወለድ ያውቃሉ። ማዳመጫውን አንገቴ ላይ አቃኑልኝ። ይኼ ይብሳል።

ሲስተር ውዴ አስተማሪዬ ናቸው። እኔ ሞላ እባላለሁ። ለዓመታት በነርስነት ሠርቼ አሁን በድንገተኛና በጽኑ ሕሙማን ነርሲንግ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው። ለዚህ ጉዞ ሁለት ሥራ ተሰጥቶኛል፦ ዳባት ላይ ለጤና ባለሙያዎች ሥልጠና መስጠት፤ ቀጥሎም ከደባርቅ በላይ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ በሽተኛ ሳክም በሲስተር መፈተን። ትምህርቱ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ሐኪም በሌለበት፣ በሽተኛውም ሐኪም እስኪመጣ መቆየት በማይችልበት ቦታ፣ መርምሮና ወስኖ ራሱ የሚያክም ነርስ ለማውጣት ነው። ወረቀት ላይ ሲያዩት ያምራል። ወረቀት ላይ እኔም አምራለሁ።

ጋቢናው ለአንዲት ነፍሰ ጡር ተሰጠ። ሲስተር አንድ ጊዜ አዩኝ፤ እኔም እንደ ጨዋ ሰው ራሴ የለቀቅሁ መስዬ ወደ ኋላ ሄድኩ።

ከጎኔ ጋቢያቸውን የተከናነቡ፣ የድንች ዘር በማዳበሪያ ከረጢት እግራቸው ሥር ያስቀመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አንገቴን አይተው ጀመሩኝ።

«ልጄ፣ ዶክተር ነህ?»

«ነርስ ነኝ አባባ። ሁለተኛ ዲግሪ እየተማርኩ ነው።»

«ስንት ዓመት ተማርህ?»

ከአንደኛ ክፍል ጀምሬ ደምሬ ነገርኳቸው። በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ታዲያ ዶክተር መቼ ልትኾን ነው?»

«አልሆንም። ይኼ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ነርስ ሆኜ ነው ከፍ የምለው።»

ሽማግሌው ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። «አይዞህ። ለሁሉም አይሳካለትም።»

ይህን ለማስተባበል አፌን ከፍቼ ሳለ የአምባ ጊዮርጊስ ዳገት ጀመረ። ከአፌ የወጣው ግን ማስተባበያ አልነበረም። ረዳቱ ፌስታል ወረወረልኝ። ሾፌሩ በመስታወት አይቶ፣ «ነርሱ ነው እንዴ የታመመው? እሱን ማን ያክመው!» ሲል መኪናው በሳቅ ሞላ። ያከሙኝ ሽማግሌው ናቸው፤ ከኪሳቸው ሎሚ አውጥተው አሸተቱኝ። ነፍሰ ጡሯ ጋቢና ሆና ድንች በሚጥሚጣ ትበላለች።

ረቡዕ፣ ረፋዱ ላይ፣ ዳባት

ዳባት ነፋሱ ሰው ይገፋል። ባጃጆቹ ጎናቸውን በላስቲክ ሸፍነዋል፤ ገብስ የጫኑ አህዮች አስፋልቱን እንደ ግቢያቸው ይሻገሩበታል። በልቼ ያልሰለቸኝ፣ እየተንተከተከ የሚቀርብ ጠገራ ሽሮ በመቶ ሃምሳ ብር በላሁና ነፍሴ ተመለሰች። ከነፍሴ ጋርም ጉራዬ።

የሥልጠናውን መለማመጃ አሻንጉሊት ጎንደር ረስቼው መጥቻለሁ። ስለዚህ ከሠልጣኞቹ አንዱን «ተጎጂ ሁንልኝ» ብዬ አግዳሚ ላይ አስተኛሁት። ስለ ደረት ጉዳት ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ እያደባለቅሁ አስረዳሁ። መዝጊያውን ለራሴ ደስ በሚል ድምፅ አሰማሁት፦ «ነርስ ትእዛዝ ጠባቂ አይደለም! ያያል፣ ይወስናል፣ ይሠራል!»

ጭብጨባ። በጭብጨባው ተጎጂዬ ባንኖ ነቃ። ለካ እስካሁን ተኝቶ ኖሯል።

ሲስተር ውዴ ኋላ ወንበር ላይ ሆነው አላጨበጨቡም። ወደ ደባርቅ ስንጓዝ ግን፣ «ድምፅህ ጥሩ ነው» አሉኝ። እስከ ከተማው መግቢያ ድረስ ሙገሳ መስሎኝ ነበር።

ደባርቅ ደግሞ ሻንጣዬ ጉድ ሠራኝ። ጎማውን እያንኳኳሁ ስጎትት አንድ አስጎብኚ ተከተለኝ። «ስሜን ተራራ ትወጣለህ ወንድሜ? በቅሎ አለ፣ ጥበቃ አለ፣ ምግብ አብሳይ አለ።» ነርስ ነኝ ስለው፣ «ችግር የለም፣ ለነርስም በቅሎ አለ» አለኝ። ያን ምሽት ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ፣ ነጭ ጫማዬን ሳላወልቅ ተኛሁ።

ሐሙስ፣ ከደባርቅ በላይ

ደባርቅ ሆስፒታል በሰጠን መኪና ወደ ሳንቃ በር በሚወስደው ጥርጊያ ወጣን። ከመንገዱ በላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር ይነጫሉ፤ በስተግራ ገደሉ ደመና ጠጥቶ ተኝቷል። ወደ ጤና ጣቢያው የሚገነጠለው መንገድ ግን ሌሊት በዘነበው ዝናብ ጭቃ ሆኗል። ሾፌሩ፣ «ከዚህ ወዲያ እግር ነው» ብሎ ሞተሩን አጠፋ።

ሲስተር ውዴ ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው ወጡ። እኔ ተከተልኩ። ጥቂት እንደሄድን ትንፋሼ ከዳኝ፤ ደባርቅ ያሉ ሰዎች የሚተነፍሱት አየር እዚህ ላይ ተቀንሶ ነው የሚታደለው። ቆሜ መልክዓ ምድሩን የማደንቅ መሰልኩ።

«አስተነፋፈስህን ቁጠር» አሉ ሲስተር ሳይዞሩ።

«ለምን?»

«በሽተኛ ብትሆን እጨነቅ ነበር።»

ጤና ጣቢያው ጉብታ ላይ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው። ነርሱ አስማረ፣ ቀጭን ሰው፣ ሞቅ ያለ ሻይ ሰጠን። ገና ሁለት ጊዜ ፉት እንዳልኩ ከታች ጩኸት ተሰማ። አራት ጎልማሶች በቃሬዛ ሰው ተሸክመው ዳገቱን ይሮጡበታል፤ ከኋላቸው ነጭ የጠመጠሙ ቄስ መስቀላቸውን ጨብጠው ይከተላሉ።

«ልጄን! ደረሰን አድኑልኝ!» አሉ ቄሱ፣ ቄስ ወርቁ፣ ገና በሩ ጋ ሳይቀርቡ። «ገብስ ሲጭን በቅሎይቱ ደረቱን ረገጠችው!»

አልጋ ላይ አደረግነው። ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ጠንካራ ገበሬ ነው፤ አሁን ግን ከንፈሩ ጠቁሯል፣ እንደ ዓሣ አየር ይናጠቃል። ሲስተር አንድ እርምጃ ወደ ጎን ቆሙ። «ያንተ ነው» አሉኝ።

ሸሚዙን ቀደድኩ። ቀኝ ደረቱ አይነሣም። ማዳመጫዬን አስጠጋሁ፤ ግራው ይነፍሳል፣ ቀኙ ዝም ነው። የአንገቱ ደም ሥር ተወጥሮ ወጥቷል። የአየር ቧንቧው ከመካከል ወደ ግራ ተገፍቷል። የልብ ምቱ ከእጄ ሥር ይሮጣል፣ ደግሞም ይደክማል።

አውቀዋለሁ። የተሰበረው ጎድን ሳንባውን ወግቶታል። ከሳንባው የሚያመልጠው አየር መውጫ አጥቶ ደረቱ ውስጥ እየታመቀ፣ ሳንባውንም ልቡንም እየጨፈለቀ ነው። የሚያድነው አንድ ነገር ነው፤ ደረቱን በወፍራም መርፌ ወግቶ አየሩን ማስወጣት። ትናንት ዳባት ላይ ያስተማርኩት ይህንኑ ነው።

ያን ጊዜ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ሐኪሙን ፍለጋ።

ከኋላዬ የክትባት ፖስተር ብቻ ነበር።

ስልኬን አወጣሁ። ደባርቅ ሆስፒታል ያለውን ሐኪም ላማክር ደወልኩ፤ አይገባም። ደግሜ ደወልኩ። «ያያል፣ ይወስናል፣ ይሠራል» ያለው ሰውዬ የት እንደገባ አላውቅም።

ቄስ ወርቁ ክንዴን ያዙኝ። «ሐኪሙ አንተ ነህ?»

«እኔ ነርስ ነኝ አባ፤ ይኸውም ሁለተኛ...» ማለት ስጀምር የልጃቸው ዓይን ወደ ላይ ተገለበጠ። ስልኩን ጣልኩት።

«አስማረ፣ ትልቁን ካኑላ!»

አስማረ ሳልጨርስ አቀበለኝ። ካኑላ ፕላስቲክ የለበሰ መርፌ ነው፤ መርፌው ሲወጣ ፕላስቲኩ እንደ ቧንቧ ይቀራል።

«ብትወጋው ይድናል?» አሉ ቄሱ።

«ይድናል ብዬ አልምልልዎትም። ካልወጋሁት ግን አሁን ይሞታል።»

ቄስ ወርቁ ክንዴን ለቀቁ። «በስመ አብ ብለህ ጀምር።»

አልኩ። ከአንገት አጥንቱ በታች በጣቴ ለክቼ፣ ከጎድኑ በላይኛው ጠርዝ አድርጌ ወጋሁ። ግራ እጄ ቀኜን ይዞት ነበር። ቆዳው እምቢ አለ፣ ከዚያ ሸሸ፣ ከዚያ፣ ፊ...ሽ!

«ነፍሱ ናት? ወጣች?» ብለው ቄሱ ጮኹ።

«አየር ነው አባ! አየር ነው!»

ደረሰ አንድ ረጅም ትንፋሽ ሳበ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ አሳለና እኔን አይቶ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ቋንቋ፣ «ያማል!» አለኝ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም።

ቀና ስል ሲስተር ውዴን አየሁ። ጓንት አጥልቀዋል፤ በእጃቸው የተከፈተ ሌላ ካኑላ አለ። አንድ ትንፋሽ ብዘገይ ሊገፈትሩኝ ነበር።

በሽተኛውን በቃሬዛ ይዘን መኪናችን ድረስ ወረድን። አራቱ ጎልማሶች ተሸከሙ፤ አስማረ ኦክስጅን ያዘ፤ እኔ ደረቱ ላይ የቀረችው ቧንቧ እንዳትነቀል በሁለት ጣቴ ደግፌ ከጎን ከጎን ሄድኩ። ፕላስተሩ ላቡ ላይ አልይዝ ብሎ ነበርና፣ የዚህን ሁሉ ዓመት ትምህርቴን ይዤ ፕላስተር ሆንኩ። መሐል ላይ ነጭ ጫማዬ ከዳኝና በቂጤ ጭቃው ላይ ተንሸራተትኩ። ሲስተር ከላይ፣ «እጅህን እንዳትለቅ!» ብለው ጮኹ። አለቀቅሁም። ተሸካሚዎቹ ሊቆሙ ባለመቻላቸው ጥቂት መንገድ ተቀምጬ ነው የወረድኩት።

ደባርቅ ሆስፒታል ስንገባ አንድ ወጣት ሐኪም በሽተኛችን ደረት ውስጥ ወፍራም ቱቦ ከተተ። ሲጨርስ ቀና ሳይል፣ «ማን ነው የወጋው?» አለ።

ከወገቤ በታች ጭቃ ነበርኩ። «እኔ ነኝ» አልኩ።

«ቦታው ልክ ነው» አለና ወደሚቀጥለው በሽተኛ ሄደ።

በረንዳው ላይ ሲስተር ውዴን ጠየቅኋቸው። «አለፍኩ?»

ጃንጥላቸውን አጣጠፉ። «ያየኸው ልክ ነው። ያደረግኸውም ልክ ነው። መካከሉ ረዘመ» አሉ። ከዚያ ደግሞ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የእኔም የመጀመሪያው ጊዜ ረዝሞ ነበር» አሉኝ። ወደ ውስጥ ገብተው የበሽተኛውን ብርድ ልብስ አስተካከሉ።

ዓርብ፣ ደባርቅ

ጠዋት ስንሰናበት ደረሰ ትራስ ተደግፎ ተቀምጦ ከአባቱ ጋር ይከራከራል። እህቱ ትኩስ ወተት አምጥታለች፤ እሱ ግን ዓርብ ነው አልጠጣም ብሏል።

«የቄስ ልጅ ሆኜ?» ይላል በተቆራረጠ ትንፋሽ።

«ቄሱ እኔ፣ ልጁ አንተ» አሉ ቄስ ወርቁ። «ፈትቸሃለሁ። ጠጣ!»

ጠጣ። ጆጉ ውስጥ ገና ወተት አለ። እኔ ከትናንት ሻይ ወዲህ ይህ ነው የሚባል ነገር አልቀመስኩም፤ ዓይኔ ሳላዝዘው ወደ ጆጉ ሄደ። ቄስ ወርቁ አዩኝ።

«አንተ ደኅና ነህ» አሉ።

ልንወጣ ስንል እጄን ያዙ። «ስምህን ንገረኝ፤ ቅዳሴ ላይ ላስብህ።»

«ሞላ።»

«እሱማ የገበያ ስምህ ነው። የክርስትና ስምህ።»

ጠፋኝ። የአንጎልን ነርቮች በቅደም ተከተል ልቆጥርላችሁ እችላለሁ፤ የክርስትና ስሜን ግን አላውቀውም። ለእናቴ ደወልኩ።

«እማዬ፣ የክርስትና ስሜ ማን ነው?»

 ኡኡታዋን አቀለጠችው። «ምን ሆነህ ነው? ቄስ አስጠርተህ ነው? ተናገር!»

የክርስትና ስም ደውሎ የሚጠይቅ ሰው በአብዛኛው አልጋ ላይ ያለ መሆኑን ያሰብኩት ዘግይቼ ነው። ደኅና ነኝ ስላት፣ ታዲያ ከየት ነው የምትደውለው አለችኝ። «ከሆስፒታል» አልኩ። ኡኡታው ባሰ። በመጨረሻ ስልኩን ቄስ ወርቁ ተቀበሉኝና ቀስ አድርገው አረጋጓት፤ ስሜንም ተቀበሏት። «ወልደ ሚካኤል» አሉ ወደ እኔ እያዩ። ደግመው ለራሳቸው አሉት፤ እንዳይረሱት። ደረሰም ከአልጋው በደካማ ድምፅ አብሮ አለው። የሲስተር ውዴንም ጠየቁ። እሳቸው የራሳቸውን ያውቁ ነበር።

ዓርብ፣ ሊመሽ ሲል፣ ጎንደር

ስንመለስ መንገዱ ቁልቁለት ነው። አላስመለሰኝም፤ ምን ኖሮኝ! ሲስተር ቆሎ አካፈሉኝ። ዳባትንና አምባ ጊዮርጊስን እንደ ሰው በመስኮት እያየሁ አለፍኩ።

መናኸሪያ ስንገባ እናቴ በሩ ላይ ቆማለች፤ ሁለት ጎረቤቶች ይዛ። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ሻንጣዬን ሳላወርድ ደረሰችብኝ። ግንባሬን ዳሰሰች፣ ጭቃ የደረቀበትን ሱሪዬን አየች፣ ሲስተር ውዴን በጥርጣሬ አየች። ምንም እንዳልሆንኩ ማልኩላት። አላመነችኝም። መዳፏን ደረቴ ላይ አደረገች።

«እስቲ ተንፍስ» አለችኝ።

መንገደኛው ሁሉ እያየ፣ መናኸሪያው መሐል ቆሜ ተነፈስኩላት።